ጭሱ የሚወጣው ከድንጋዩ ነው፦ ለ«ጭስ ቀባሪዎች» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ከርሟል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። አንዱማ «ይሄን አንብብና ዝም በል» ብሎ ጽፎበታል። አነበብኩት። ዝም ማለቱ ግን አልሆነልኝም።

ርዕሱ «ጭስ ቀባሪዎች» ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከፋብሪካ ጭስ ለይቶ ይዞ ከመሬት በታች ስለማከማቸት የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ስማቸውን አላሰፈሩም። ድሬ ላይ ፊት ለፊት ብንገናኝ «አንተ» ብዬ ነበር የምጀምረው። እዚህ ከተማ «አንቱ» የሚባል ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሳንተዋወቅ ግን ነውር ነውና «እሳቸው» እያልኩ እቀጥላለሁ።

የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። ካርቦን መያዝ የነዳጅ ኩባንያዎች ማዘናጊያ ነው፤ ተሞክሮም ከሽፏል። ኢትዮጵያን ደግሞ ጭራሽ አይመለከታትም፤ ግድብ አለን፣ ጭሳችንም ከቁጥር አይገባም። ጋዙን መቅበር ፈንጂ መቅበር ነው፤ ካሜሩን ላይ ምን እንደደረሰ ታይቷል። ዛፍ ከተከልን ይበቃናል። በመጨረሻም ሕዝባችን እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም፤ ሶላሩንም የኤሌክትሪክ መኪናውንም በጥርጣሬ ነው ያየው፤ ስለዚህ «ሕዝቡ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ መሆኑን አልክድም። ሰው የላከው ወዶት ነው። እኔም አንዳንዱን ወድጄዋለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ኬምፐር የሚባል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። ከድንጋይ ከሰል መብራት ሊያመነጭ፣ ካርቦኑንም ሊይዝ ነበር የተገነባው። ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከበላ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ሐሳቡ ተትቶ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞረ። አውስትራሊያ ውስጥ ጎርጎን የተባለው ፕሮጀክትም እቀብራለሁ ያለውን ያህል መቅበር አቅቶታል። እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ከተያዘው ካርቦን ብዙው የዋለው ያረጀ የነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ተገፍቶ ተጨማሪ ነዳጅ ለማውጣት ነው። ይሄን ያየ ሰው «ማዘናጊያ ነው» ቢል አልፈርድበትም።

ግን ሁሉም ከሽፏል ማለት ሌላ ነገር ነው። ኖርዌይ ስሌይፕነር ከሚባለው የጋዝ ማውጫ የሚለየውን ካርቦን ከባሕር ወለል በታች መቅበር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። አይስላንድ ውስጥ ደግሞ ካርብፊክስ የሚባል ሥራ አለ። ካርቦኑን በውሃ አሟሙተው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ፣ ማለትም ባዛልት ውስጥ ይከቱታል። በሁለት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ወደ ድንጋይነት ተቀይሮ ተገኝቷል። ጋዝ የነበረው ድንጋይ ሆኗል ማለት ነው።

ጸሐፊው የጠቀሷቸውን ውድቀቶች አንድ በአንድ ብታዩ የከሰል ማመንጫ ይበዛባቸዋል። የከሰል ማመንጫ ደግሞ ምትክ አለው፤ ውሃ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ፀሐይ አለ። ምትክ ባለው ነገር ላይ ውድ መሣሪያ መግጠም ድሮም አያዋጣም። ከዚህ ተነስቶ የትም አይሠራም ማለት ግን፣ ባጃጅ የደንገጎን ዳገት መውጣት ከበደው ብሎ ሞተር የሚባል ነገር ከንቱ ነው እንደማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ድሬዳዋ ተቀምጦ «እኛን አይመለከተንም» የሚል ሰው ሲሚንቶን ረስቷል።

እርግጥ አገራችን የምትለቀው ካርቦን በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከዓለም አማካይ ጋር አይወዳደርም። መብራታችንም በአብዛኛው ከውሃ ነው። ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ተመርቋል። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ አይሻ ላይ የነፋስ ማመንጫ ቆሟል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ ጸሐፊውም በትክክል አስቀምጠውታል። ስህተቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። «መብራታችን ንጹሕ ስለሆነ ፋብሪካችንም ንጹሕ ይሆናል» ይላሉ።

ሲሚንቶ ላይ ይሄ አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ደግሞ ከኖራ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

ኖራን ሐረር ጀጎል ውስጥ ግድግዳ ሲቀባ ያላየ የምሥራቅ ሰው የለም። ኖራ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ነው። አንድ ኩንታል ንጹሕ የኖራ ድንጋይ እቶን ውስጥ ብትከት ስታወጣው 56 ኪሎ ብቻ ነው የምታገኘው። 44 ኪሎው የት ሄደ? ማንም አልሰረቀውም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በንኗል። ከማገዶው አይደለም የወጣው። ከድንጋዩ ከራሱ ነው።

ሲሚንቶም ያው ነው። የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ እስከ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይጋገርና ክሊንከር ይወጣል። አንድ ኩንታል ክሊንከር ለማግኘት ከድንጋዩ ብቻ 50 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። የከሰሉ ጭስ ከዚያ ላይ ተጨማሪ ነው። ከሲሚንቶ ከሚወጣው ካርቦን ከግማሽ የሚበልጠው ከድንጋዩ የሚመጣው ነው። እቶኑን ነገ በሕዳሴ መብራት ብታግለው እንኳ ያ ክፍል ሳይነካ ይቀራል። በዓለም ደረጃ ሲሚንቶ ብቻውን ሰው ከሚለቀው ካርቦን 7 ወይም 8 በመቶ ይይዛል የሚባለውም በዚህ የተነሳ ነው።

የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን። የኖራ ድንጋዩ እዚህ ስላለ ነው። ዛሬም ከተማዋ በሲሚንቶ ትታወቃለች። አጎቴ ዕድሜውን እቶን አጠገብ ነው የጨረሰው። ስለዚህ ይሄ ነገር ለድሬ ሰው የፈረንጅ ወሬ አይደለም። የሚበላው እንጀራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል፤ ትንሽ ከመንገድ ያወጣኛል፣ ግን ስለምወደው ነው። ኖራ ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ የሚጠነክረው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ እየሳበ ነው። ቀስ በቀስ ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ያያቶቻችን ግድግዳ ካርቦን ይይዛል ማለት ነው! ለጨዋታ ያህል ልንገራችሁ ብዬ እንጂ ሒሳቡ ትርፍ የለውም። የሚመልሰው ቢበዛ ሲቃጠል የለቀቀውን ነው፤ የማገዶውን አይመልስም። ግን «ካርቦን መያዝ» የሚለው ቃል እንደ ጨረቃ ጉዞ እንዳይመስል ይረዳል።

«ታዲያ ነገ ድሬ ላይ ይተከል ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም። ኖርዌይ ብሬቪክ ከተማ የሚገኘው የሲሚንቶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ የጀመረ የካርቦን መያዣ አለው። በዓመት 400,000 ቶን እንዲይዝ ነው የተሠራው። የያዘውን በመርከብ ይወስዱና ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ያህል በታች ይቀብሩታል። የጠቅላላ ፕሮጀክቱን ወጪ አብዛኛውን የከፈለው የኖርዌይ መንግሥት ነው። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም። ለእኛ የሚቀርበው መጀመሪያ ክሊንከሩን መቀነስ ነው። የአገራችን ፋብሪካዎች ፒፒሲ የሚሉትን ሲሚንቶ ሲሠሩ ፑሚስ የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይቀላቅላሉ፤ እሱ ራሱ ካርቦን ይቀንሳል። በዚህ ቅደም ተከተል ጸሐፊው ቢከራከሩኝ እስማማ ነበር። እሳቸው ግን ቅደም ተከተሉን ሳይሆን ጥያቄውን ራሱን ነው የሰረዙት።

ፈንጂ ስለተባለው ደግሞ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይፈነዳም፤ አይቀጣጠልምም። አምቦ ውሃ ስትከፍቱ የሚንፎለፎለው እሱ ነው። እሳት ማጥፊያ ውስጥም ይሞሉታል። አደጋው ሌላ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል፤ ብዙ ከሆነ ያፍናል። ካሜሩን ውስጥ ኒዮስ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 የሆነው ይሄ ነው፤ ከ1,700 በላይ ሰው አልቋል። ጸሐፊው ይሄን ማንሳታቸው ተገቢ ነው። ግን የኒዮስ ጋዝ ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ ሐይቁ ግርጌ ውሃ ውስጥ የተጠራቀመ ነበር። ከላዩ ክዳን የሚሆን አለት አልነበረውም። ሰው የሚቀብረው በተለምዶ ከ800 ሜትር በታች፣ ቀዳዳ ባለው ድንጋይ ውስጥ፣ ከላዩ ጠጣር አለት ባለበት ቦታ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ክፍት ድስትና የታሸገ ጀሪካን አንድ ነው ማለት ነው።

እሳቸው ያላነሱትን የተሻለ ምሳሌ እኔው ልስጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚሲሲፒ ውስጥ ሳታርሺያ የምትባል መንደር አጠገብ ካርቦን የሚያስተላልፍ ቧንቧ ተሰንጥቆ ጋዙ ወጥቶ ነበር። የሞተ የለም፤ ግን በርካታ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል፤ ወደ 200 ሰው ከቤቱ ወጥቷል። መኪኖች አየር አጥተው መንገድ ላይ ቆመዋል። አደጋው ከጉድጓዱ ይልቅ ማጓጓዣው ላይ ይበረታል ማለት ነው። የሚፈራ ሰው ይሄን ይፍራ። ቧንቧው በማን ሰፈር እንደሚያልፍ ይጠይቅ።

ደግሞ ይሄን ለሐረርጌ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ቀርሳ ያለው የእናቴ ወንድም ማሽላውን የሚያስቀምጠው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። አፉ ይደፈናል። እህሉ ሲተነፍስ ኦክስጅኑ ያልቅና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፤ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ጉድጓዱ ሲከፈት ግን ማንም ቶሎ አይገባም። ክፍቱን ይተውና ይጠበቃል። ልጅ ሆኜ ልወርድ ስል አጎቴ በአንገቴ ይዞ ነው የመለሰኝ። «ሽታ የለውም፣ ይገድላል» አለኝ። የጋዙን ስም አያውቅም። ጠባዩን ግን ከብዙ ዲግሪ ያለው ሰው በተሻለ ያውቃል።

ዛፉን በአጭሩ ልለፈው። ዛፍ ይተከል። ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የነበረ ሰው፣ ከላይ ያለው ተራራ ቢለብስ ምን እንደሚጠቅም አይጠፋውም። ግን ዛፍ ካርቦኑን የሚይዘው ቆሞ እስካለ ነው፤ ከሰል ሆኖ ገበያ ሲወጣ ይመለሳል። ሁሉም ዛፍ ዛፍ አይደለም ደግሞ። በረሃውን ይገታል ተብሎ የመጣው ፕሮሶፒስ አፋርንና የእኛን ዙሪያ እንዴት እንደወረረው ከብት አርቢውን ጠይቁት።

አሁን ወደ መጨረሻው። ሕዝቡ አይገባውም የተባለው።

በመጀመሪያ፣ አለማወቁ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የአውሮፓ ኅብረት በአሥራ ሁለት አገሮች ባስጠናው ጥናት ስለ ካርቦን መያዝና ማከማቸት ሰምቻለሁ፣ ምን እንደሆነም አውቃለሁ ያለው ከአሥር ሰው አንዱ ነበር። ስለዚህ ድሬ ላይ አሥር ሰው ጠይቀው አንዱም ባያውቅ አይገረሙ።

ግን ያወቀ ሁሉ ይቀበላል ማለትም አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ባሬንድሬክት የምትባል ከተማ አለች። ሼል ከከተማዋ ሥር ካርቦን ሊቀብር አቅዶ ነበር። ነዋሪው እምቢ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ዕቅዱ ተሰረዘ። የተማሩ ሰዎች ናቸው። መሐንዲስም ሐኪምም አለባቸው። ጥያቄያቸው የኬሚስትሪ ብቻ አልነበረም። ለምን እኛ ሥር? ለምን ሁሉም ካለቀ በኋላ ነገራችሁን? የቤታችን ዋጋስ? እነዚህን ነበር የሚጠይቁት።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ አንድ የጀርመን ኩባንያ ምሥራቅ ሐረርጌ መጥቶ ጉሎ አስተክሎ ነበር። ከጉሎ ዘይት ነዳጅ ይወጣል፣ ለአየር ንብረት ጥሩ ነው ተባለ። የወሰደው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራርቦ ተገኘ። ማሽላውን ትቶ ጉሎ የተከለ ገበሬ ነበር። ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይቆይ ሥራው ቆመ። ጉሎ ደግሞ አይበላም። ያ ገበሬ ነገ «አረንጓዴ ኃይል ይዘንልህ መጣን» ሲባል ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ቢያይ አልገባውም ማለት ነው? ከሁላችንም በላይ ገብቶታል።

ባቡሩንም እዩ። የጅቡቲ አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፤ ከጭስ አንፃር ከዚህ በላይ ምን ይመጣል? ድሬ ግን ምድር ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ አሮጌው ባቡር መሐል ከተማ ለገሃር ነበር የሚገባው። በየጣቢያው ይቆማል፤ ሴቶቹ ዕቃቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ቤት በዚያ ይተዳደር ነበር። አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። የሚያማርሩትን ስታዳምጡ አንድም ሰው «ኤሌክትሪክ መሆኑ ደበረኝ» አይልም። የሚሉት «እኔ የምሳፈርበት የለም» ነው።

ሶላሩ ላይ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ጣሪያ ላይ አሰቀልኩ። ሦስት ወር ሳይሞላው ደከመ። ሻጩ ዋስትና የሚባል ነገር ሲሰማ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ለጎረቤቴ ሶላር ግዛ ብዬ አላውቅም። ፀሐይን ጠልቼ አይደለም፤ በድሬ ፀሐይ ማን ይጠራጠራል! ዕቃውን ነው የጠላሁት። የኤሌክትሪክ መኪናውም ያው ነው። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ሰው የሚጠይቀው የት ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ባትሪው ይሄን ሙቀት ይችለዋል ወይ፣ መለዋወጫውስ የሚል ነው። ይሄ ጥርጣሬ አይደለም። ገዢ እንዲህ ነው የሚጠይቀው።

ጸሐፊው አንድ ነገር ያልታያቸው ይመስለኛል። መጀመሪያ ላይ «ኩባንያዎቹን አትመኑ» አሉን። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሕዝቡን አትጠይቁ» አሉን። ኩባንያውን የሚጠረጥር ሕዝብ የመጀመሪያውን ምክራቸውን በተግባር እያዋለው እኮ ነው።

ሲሚንቶ አጠገብ የኖረ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድን አያየውም፤ ቀለም የለውም። የሚያየው የተሰጣ ልብሱ ላይ ያረፈውን አቧራ ነው። ለዚህ ሰው «ጭሱን ልንይዝልህ ነው» ብትለው አቧራው መስሎት ደስ ይለዋል። አቧራው አይደለም ካልከው ፊቱን ያዞራል። ደግነቱ ካርቦን የሚይዘው ኬሚካል ቆሻሻ አይወድም፤ ጭሱ መጀመሪያ ከአቧራ መጽዳት አለበት። ይሄን ከፊት አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ካለ ይሰማዋል። እስካሁን ግን ማንም ሲነግረው አልሰማሁም፤ እሳቸውም ጽሑፋቸው ላይ አላነሱትም።

ቅዳሜ በርጫ ላይ ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አራት ነበርን። አንዱ ጡረተኛ ነው፣ አንዷ ነጋዴ፣ አንዱ ባጃጅ ነጂ። ነጋዴዋ «ጉድጓዱ የማን ነው? ካፈሰሰ ማን ይከፍላል?» አለች። ጡረተኛው «ሥራው ለድሬ ልጅ ነው ወይስ ከውጭ ይመጣል?» አለ። ባጃጅ ነጂው እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ቆየና «መሣሪያው ስንት መብራት ይበላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ብሬቪክ ከፋብሪካው ካርቦን ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚይዘው። ለመሣሪያው የሚሆነው የእቶኑ ትርፍ ሙቀት የሚበቃው እስከዚያ ስለሆነ ነው። ልጁ መሐንዲሶቹ የተጨነቁበትን ነገር ነው የጠየቀኝ። ልመልስለት ስል መብራት ሄደ።